«ድኗል እኮ» ለሚሉኝ ምን ልበላቸው? (ወንድሜ ጭንቅላቱን ተጎድቶ ነው)

የሐዋሳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። እዚሁ ሐዋሳ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለው። የዛሬ ስምንት ወር በሞተር ሲሄድ ከአይሱዙ ጋር ተጋጨ። ሄልሜት ነበረው፣ ግን ክንዱ ላይ ነበር ያንጠለጠለው። 11 ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ስለነበር ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሲነቃም በፊልም እንደምናየው ባንዴ ዓይኑን ገልጦ «እማዬ» አላለም። መጀመሪያ ጣቱ፣ ከቀናት በኋላ ዓይኑ፣ ከዚያ ትርጉም የሌለው ንግግር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የመጣው። ለማንኛውም ተነሳ፣ በላ፣ ሄደ። እልልታው ቀለጠ፣ ስለት ገባ፣ በግ ታረደ።

አሁን ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። ጠባሳውን ፀጉሩ ሸፍኖታል። እንዲያውም ወፍሯል። ሰው ሁሉ «ድኗል እኮ፣ ተመስገን በሉ» ይለናል። ቤት ውስጥ የምናየው ግን ሌላ ነው። እስከ አምስት ሰዓት ይተኛል። ቁርስ በልቶ ደግሞ ይተኛል። «ሱቅህን ክፈት» ስንለው እሺ ይላል፣ የጫማውን ክር ያስራል፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። እማዬ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ልጅ በረባ ባልረባው ይሳደባል፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ረስቶት «ምን ሆናችሁ ፊታችሁን ያጠቆራችሁት?» ይለናል። ባለፈው ሳምንት ወተት ጥዶ አጠገቡ ተቀምጦ ስልክ ሲነካካ ወተቱ ገንፍሎ፣ ብረት ድስቱ አርሮ፣ ቤቱ በቃጠሎ ሽታ ተሞልቶ እሱ ንቅንቅ አላለም። አባዬ «ግድየለሽ ሆኗል» ብሎ ተስፋ የቆረጠው ያን ቀን ነው። ሽቶ ሲቀባም ግማሽ ጠርሙስ ነው፣ አጠገቡ መቀመጥ አይቻልም።

መልሰን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሲቲ ስካን ተነሳ። «ንጹህ ነው፣ ምንም የለም» ተብለን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ እቤት ሰላም የለም። አባዬ ሰንፎ ነው ይላል። አክስቶቼ ጸበል ይግባ፣ እንዳይጥለው ተብሎ የሚውጠውንም ክኒን ይተው ይላሉ። እማዬ ሚስት ያግባ፣ ትዳር ያረጋጋዋል ትላለች (እጮኛው ከወር በፊት ቀለበቷን መልሳለች። እማዬ ሰምታ እንዳልሰማ ሆናለች)።

ሲቲው ንጹህ ከሆነ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? አውቆ ነው? ወደ ድሮው ይመለሳል? አንድ የሰፈራችን ሰው «በስድስት ወር ያልተመለሰ አይመለስም» ካለኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ባለጠባሳው፦

እህቴ፣ ያወራሽው የኔን ታሪክ ነው። እኔ የዛሬ አምስት ዓመት ቀለም ስቀባ መወጣጫው ከድቶኝ ከሁለተኛ ፎቅ ነው የወደቅኩት።

አውቆ አይደለም። የጫማ ክር ያልሽው ቦታ ላይ ሳቄም እንባዬም መጣ። እኔ ብሩሹን ነክሬ ግድግዳው ፊት ቆሜ እቀር ነበር። መቀባት ጠፍቶኝ አይደለም። ማድረግ እፈልጋለሁ፣ እንዴት እንደሚደረግም አውቃለሁ፣ ግን የመጀመሪያዋ እርምጃ አልመጣ ትለኛለች። መኪና ሞተሩ ደህና ሆኖ ማስነሻው ሲያስቸግር አይተሽ የለ? ሰው ገፋ ካደረገኝ እሄዳለሁ። «ሂድና ሥራ» ሲሉኝ አይገባኝም፣ «ና መጀመሪያ ይቺን ጥግ እንቀባ» ሲሉኝ ግን እሠራለሁ።

ስለ ድካሙ ልንገርሽ። ሰው ድካም ሲባል ሲሚንቶ ተሸክሞ የዋለውን ያስባል። ወንድምሽ ሞባይል ጠጋኝ አይደል? ያረጀ ባትሪ በይው፣ ወዲያው ይገባዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሰክተሽው ታድሪያለሽ፣ ጠዋት መቶ ይላል፣ አንድ ሰው ደውሎ ሳይጨርስ ጥፍት። እኔን የሚጨርሰኝ ሥራ እንኳን አይደለም፣ ጫጫታ ነው። ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን ጠያቂው አይቋረጥም ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ብርቱካኑን ተሸክመው ነው የመጡት። ግን አምስት ሰው ባንዴ ያወራል፣ ቲቪው ይጮኻል፣ ቡና ይወቀጣል፣ እያንዳንዱ ደግሞ ተራ በተራ ፊቴ ቆሞ «አወቅከኝ? እኔ ማን ነኝ?» ይለኛል። ሰውየውን አውቀዋለሁ። ስሙ ነው አልመጣ የሚለኝ። ዝም ስል ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ማታ ራሴን ይፈልጠኝና አባቴን እሳደባለሁ። ጠዋት አላስታውስም።

እና «ድኗል» የሚሉሽን ነገር። እግሩ የተሰበረ ሰው ክራንች ይይዛል፣ ታክሲ ውስጥ ቦታ ይለቁለታል። እኔ ምን ልያዝ? «ምንም አልሆንክም እኮ፣ አምሮብሃል» ሲሉኝ ምርቃት ነው ብለው ነው። እኔ የምሰማው ግን «ታዲያ ምን ታስመስላለህ» የሚለውን ነው።

በነገራችን ላይ ሞተሩን ሽጡት። ይነዳል ብለሽ አልጻፍሽም፣ ግን ይጠይቃችኋል። አንዴ የተመታ ጭንቅላት ሁለተኛውን አይችልም። ድጋሚ ሲመታ ልቡ ይመለስለታል የሚለው የፊልም ነው።

ፊት ለፊት፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ወንድ ልጅ በእንክብካቤ ነው የሚበላሸው። የአጎቴ ልጅም ተጋጭቶ ነበር፣ በሁለት ወሩ ሥራ ገብቷል። ሐኪም ንጹህ ነው ካለ ንጹህ ነው። ብር ከልክሉት፣ ምግቡን ራሱ ያብስል፣ ያኔ ይነቃል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ነርሷ፦

ድንገተኛና የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። «ፊት ለፊት» ያልከውን በየሳምንቱ ከቤተሰብ እሰማዋለሁ፣ ስለዚህ አልቆጣህም። ግን ተሳስተሃል።

ሲቲ ስካን በዋናነት የሚያሳየን የፈሰሰ ደም፣ እብጠት፣ የተሰነጠቀ አጥንት ነው። ሰውየው አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግሩም መሣሪያ ነው። አንጎል በኃይል ሲናጥ ግን የአንዱን ክፍል መልእክት ወደ ሌላው የሚያደርሱት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ ይበጠሳሉ። ይሄ ብዙ ጊዜ ሲቲ ላይ አይታይም። ኤምአርአይ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። ምሰሶው ሁሉ ቆሞ፣ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሶ መብራት እንደሚጠፋው ማለት ነው። «ንጹህ ነው» ማለት «ደም የለም፣ የሚከፈት ነገር የለም» ማለት ነው እንጂ «ሰውየው እንደነበረ ነው» ማለት አይደለም። ይህን ለቤተሰብ ቁጭ ብለን አለማስረዳታችን የኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው፣ ወረፋው አላስወራ ይለናል።

የአጎትህ ልጅ በሁለት ወር ሥራ መግባቱም እውነት ይሆናል። ሁለት ሰው ተመሳሳይ ጉዳት የለውም። የመውጫ ወረቀት ላይ ጂሲኤስ የሚባል ቁጥር አለ፣ ከ3 እስከ 15 ነው። ዓይኑን ይገልጣል ወይ፣ ይናገራል ወይ፣ ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል ወይ እየተባለ ነው የሚሰጠው። 13 እና ከዚያ በላይ ቀላል ይባላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ። 11 ቀን ራሱን ያላወቀ ልጅ ከየትኛው እንደሆነ መገመት ቀላል ነው። ደግሞ «ቀላል» የተባለውም ሁሌ ቀላል አይደለም። ራሱን ሳይስት ተመትቶ ለወራት ራስ ምታትና መርሳት የሚያሠቃየው ሰው አለ።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። ስድቡና አልነሳ ማለቱ አንድ ሰፈር ናቸው። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው የሚያስጀምረንም፣ ፍሬን የሚይዝልንም። ስድብ ለሁላችንም አፋችን ላይ ይመጣል፣ ፍሬኑ ነው የሚመልሰው። ራሱን እንደተለወጠ አለማወቁም ብዙ ጊዜ የጉዳቱ አካል ነው። ክህደት አይደለም፣ ራሱን የሚያይበት መስታወት ነው የተነካው። ስለዚህ በክርክር አታሸንፊውም።

ግን «ከእንግዲህ ሰው አይሆንም» ብለሽም አትደምድሚ። በየትምህርት ቤቱ የሚነገር የፊንያስ ጌጅ ታሪክ አለ። በ1848 አሜሪካ ውስጥ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ አንድ ሜትር የሚያህል ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ የወጣበት ሰው። እንደተማርነው ጠባዩ ተበላሽቶ ባለጌ ሆኖ ቀረ ነው። ሆኖም ሰውየው ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ተኩል ያህል ኖሯል፣ ቺሊ ሄዶ በፈረስ የሚሳብ የመንገደኛ ሠረገላ ለዓመታት ነድቷል። ባለጌ ሰው ተሳፋሪ አሳፍሮ ያን ያህል ዓመት አይከርምም። በየቀኑ ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ፈረስ መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም። ስድስት ወር የሚሉት ነገርም እንደ ጌጅ ታሪክ የተጋነነ ነው። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጠን ይላል፣ በኋላ ቀስ ይላል። ያቆማል ማለት አይደለም። በሦስተኛ ዓመቱ አዲስ ነገር የጀመረ ታካሚ አይቻለሁ።

ክኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ! ይህን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቆም ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። በሌላ በኩል የመድኃኒቱን ስም እዪው። ፌኖባርቢታል እንቅልፍ ያበዛል፣ ቫልፕሮት ያወፍራል። አባትሽ ስንፍና የሚሉት ግማሹ ከክኒኑ ይሆናል፣ ሐኪሙን ጠይቂው፣ ሌላ አማራጭ ሊኖር ይችላል። አረቄና ጫት፣ እንቅልፍ ማጣትም፣ ለሱ መጥፎ ናቸው። ከጣለው ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፣ ማንኪያም አፉ ውስጥ አታስገቡ። በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ስር ጋቢ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት።

ድባቴም ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም ቢያየው ደስ ይለኛል። አማኑኤል ሲባል ሰው ሁሉ ይደነግጣል፣ አውቃለሁ። እብድ ነው ማለት አይደለም፣ ድባቴ ይታከማል ማለት ነው። የዕለት ኑሮን መልሶ የሚያስለምድ ባለሙያም አለ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይባላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራቸዋል፣ ገና ጥቂት ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወተቱ ሲያር፣ ሽቶውን ሲያበዛ፣ ሽታ ይሸተዋል? ጭንቅላት ክፉኛ ሲመታ የሽታ ነርቮች ሊቆረጡ ይችላሉ። ጠይቂው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ታክሲ ሲነዳ ከኋላ ተገጭቶ እንዲሁ ሆነ፣ በ2019 በፈረንጆቹ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ትንሽ ሳቁ። በየጠዋቱ ነርሶቹ መጥተው «ዘመኑ ስንት ነው?» ይሉታል። «2011» ይላል። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ይሉታል፣ ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓታቸው ላይ «ሦስት ሰዓት» ይላል። ግራ ተጋብቷል ብለው ይጽፋሉ። እኔም ደንዝዤ ስለነበር ሦስት ቀን ሙሉ አልነቃሁም። አንዲት ሐበሻ አስተርጓሚ መጥታ ነው «እንዴ፣ ትክክል እኮ ነው!» ያለችው። ፕሬዚዳንቱ ማን ነው ሲሉት ግን ክሊንተን አለ። እሱን የኛ ዘመን አቆጣጠርም አላዳነውም። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ምርመራው ሲደረግ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

የኛን ቤት ያስተካከለው ደብተር ነው። ተራ ደብተር። ማታ አብረን የነገውን እንጽፋለን፣ ጠዋት ሠርዞ ሠርዞ ይሄዳል። ስልኩ ላይ ለመድኃኒት፣ ለምሳ፣ ለእረፍት ደወል አለ። ድካም ሳይመጣበት በፊት ነው የሚያርፈው፣ ይሄ ዋናው ነገር ነው፣ ከደከመው በኋላ ማረፍ አይመልሰውም። እንግዳ ሲመጣ አንድ አንድ ሰው፣ 20 ደቂቃ፣ ቲቪ ጠፍቶ። መጀመሪያ ላይ ሰው ተቀየመኝ። «ባሏን ደበቀችው» ተባልኩ። ይባል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ስፒከሩ ራሱን ስለሚያሳምመው ውጭ ዛፍ ስር ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው።

ትዳር ያረጋጋዋል ለሚሉት እናትሽ፣ በእግዚአብሔር፣ ለስላሳ አድርገሽ ንገሪያቸው። እኔ የ14 ዓመት ትዳር ነበረኝ፣ የድሮውን ሰውዬ አውቀው ስለነበር ነው በስድቡ ውስጥ የቆየሁት። ምንም የማታውቅ ልጅ አምጥቶ እዚያ ውስጥ መጣል ለሷም ለሱም ግፍ ነው። ወደፊት አያግባ አልልም። መድኃኒት ተብሎ ግን አይደለም።

አንቺስ ማን አለሽ? ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ተርፏል» ሲል ማልቀስ ያሳፍራል። ድንኳን የማይጣልለት ለቅሶ ነው። እኔ ሁለት ዓመት መኪና ውስጥ ተደብቄ ነው ያለቀስኩት፣ ፓርኪንግ ላይ፣ ሬዲዮ ከፍቼ።

የድሮ መምህር፦

ልጄ፣ ስለ ጸበሉ ብቻ ልናገር። እኔ ራሴ ጸበልተኛ ነኝ፣ በጸበል የሚቀልድ ሰው አልወድም። ነገር ግን ክኒን ጣል ያለው ማን ነው? በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ያኔ ብዙ ሰው መድኃኒቱን እየጣለ ይጠመቅ ነበርና። ለዚያ የሆነ ለዚህም ይሆናል። አክስቶችሽን በዚህ አስረጃቸው፣ ካልሰሙሽ ንስሐ አባታቸውን ያዢ። ሲጠመቅም ሰው ይያዘው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቢጥለው ሌላ መከራ ነው።

ፊት ለፊት፦

እሺ፣ የሲቲውን ነገር አላውቅም ነበር። የአጎቴ ልጅ... እውነቱን ለመናገር ሥራ ገባ እንጂ በዓመቱ ለቀቀ። ከሚስቱም ተለያይቷል። ጠባዩ ነው ብለን ትተነው ነበር። ከአደጋው ጋር ይገናኝ ይሆን? ሦስት ዓመት አልፎታል፣ አሁንስ ሐኪም ጋ ቢሄድ ዋጋ አለው?

ነርሷ፦

አለው። መጀመሪያ ግን ሄደህ አብረኸው ዋል። ምክር ሳትሰጠው።

የሐዋሳዋ፦

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። ባለጠባሳው፣ የባትሪውን ነገር ነገርኩት። «ማን ነው ይሄን ያለሽ?» ብሎ ስልኬን ተቀብሎ የጻፍከውን አነበበ። ሁለቴ ነው ያነበበው።

ነርሷ፣ ያልሽውን አደረግኩ። ቡና ቆልቼ ዓይኑን አስጨፍኜ ማንከሽከሻውን አፍንጫው ስር ያዝኩለት። «ምን ሸተተህ?» «ምንም።» ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ አመጣሁ። «ምንም።» ከመቼ ጀምሮ ነው ስለው «ሆስፒታል ከገባሁ ጀምሮ። የጠየቀኝ የለም እኮ» አለኝ። ሽቶውንስ? «መጥፎ ጠረን ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅማ። ሰው እንዳይሸሸኝ ብዬ ነው።»

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ምንም አላለም። ማታ ወደ ጓዳ ሄዶ የሲሊንደሩን ቡሎን ራሱ ዘጋው፣ ተመልሶም አየው።

ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። ክኒኑን አይቼዋለሁ፣ ፌኖባርቢታል ይላል። ነርሷ፣ ሐኪሙ ሳይቸኩል እንዲሰማኝ ከየቱ ልጀምርለት?